ይለፈኝ ያላልኩበት ካርድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ ላይ አሁንም ያስቸግርሻል? እንቅልፍ በቅጡ ይወስድሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል፣ ቤቱም ደህና ነው፣ አከራዬም እንደ ልማዷ ውሃው ሲጠፋም ሲመጣም እኔን ትቆጣለች።

በፊት በፊት ይህን ሰላምታ ስጽፍልሽ እጄ ብቻ ነበር የሚጽፈው። "ጤናሽ እንዴት ነው" ብዬ የጥያቄ ምልክቱን እንኳ ሳላደርግ ወደ ወሬዬ እሮጣለሁ፤ አንቺም ምልክቱን በቀይ ጨምረሽ መልሰሽ ትልኪልኛለሽ። ዛሬ ግን ያቺን አንድ መስመር ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ከልቤ ነው የጠየቅኩሽ። መልሱን ግን ጻፊልኝ አልልሽም። ለምን እንደሆነ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። እናንተ ቤት ስልክ ሲጮህ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ወንድሜ ድምፁን ለቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሚስቱ ከወጥ ቤት፣ ልጆቹ ከሶፋው ላይ ሰላም ይሉኛል፤ አንቺ ተራ ደርሶሽ አፍሽን ስትከፍቺ ቤቱ ሙሉ ጆሮ ይሆናል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብዬ ነው። ፖስታውን የሰጠሁት ለአውቶቡሱ ሾፌር፣ ለድሮው ጎረቤታችን ነው። በእጇ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጥ ብዬ ሦስቴ ስላስማልኩት፣ ውስጡ ምን ቢኖር ነው ብሎ በጥርጣሬ ሳያየኝ አልቀረም። ጡረታ እስክትወጪ ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትተይቢ፣ ከቢሮ ከመውጣትሽ በፊት ያገለገለውን ካርቦን አንድ በአንድ ቀደሽ ጣቶችሽ ሰማያዊ ሆነው ቤት ትመጪ ነበር። ይህንንም እንደዚያ ቅደጂው። ስህተቴን በቀይ ማስመር ካማረሽም መጀመሪያ አስምሪና ከዚያ ቅደጂው።

እማዬ፣ ስለ አንዲት ታካሚ ልነግርሽ ነው። ማን እንደሆነች አልነግርሽም። አንቺም ብትሆኚ አልነግርሽም፤ አትጠይቂኝም ብዬ አምናለሁ።

ግን ከሥር ካልጀመርኩ ጭንቀቴ አይገባሽም። የምሠራበትን ካርድ ክፍል ከውስጥ አይተሽው አታውቂም። በዋናው በር ሲገቡ በስተግራ ነው። ወደ መጠበቂያው አዳራሽ የሚከፈቱ ሁለት የመስታወት መስኮቶች አሉት፤ ከመስኮቶቹ ኋላ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ሌላ መደርደሪያ። አምስት ሠራተኞች ነን። ካርዱ የሚቀመጠው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። አንድ ካርድ ሲወጣ በቦታው ቁራጭ ካርቶን ይገባል፤ ካርቶኑ ላይ ቀኑና ካርዱ የሄደበት ክፍል ይጻፋል። ካርዱ ሲመለስ ካርቶኑ ይወጣል። ሥራችን ይኸው ነው፤ ማውጣትና መመለስ። መክፈት የእኛ ሥራ አይደለም።

የክፍሉን ኃላፊ ጋሼ ቁልፍ እንላቸዋለን፤ የብረት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ በክር አድርገው አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉት። እሳቸው ያወጡት አንድ ደንብ አለ። የምታውቂው ሰው ካርድ እጅሽ ላይ ከወደቀ ወዲያው ታስቀምጪውና "ይለፈኝ" ትያለሽ። ሌላ ሠራተኛ ያነሳዋል። ለምን ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ጎረቤት ይሁን፣ ዘመድ ይሁን፣ የድሮ ፍቅረኛ ይሁን፣ የተኳረፍሽው ሰው ይሁን፣ ሁሉም ይለፈኝ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ የራሱን የጥርስ ካርድ አግኝቶ ኮስተር ብሎ ይለፈኝ ሲል እስኪበቃን ሳቅን።

ደንቡ የወጣው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ላንቺ ነግሬሽ አላውቅም።

ልብስ ሰፊዋን ታስታውሻታለሽ። እንዴት ትረሻታለሽ፣ የሥራ ቀሚሶችሽን ሁሉ እሷ ናት የሰፋችው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ለእረፍት ቤት መጥቼ፣ ምሳ በልተን ሻይ ስንጠጣ፣ የወንድሜ ሚስትና ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት አንድ ወሬ ጀመርኩ። ሰው እንዳስቅ ነው፤ ከከተማ መጥቼ የምለው ነገር እንዲኖረኝ ነው። አንዲት ሴት ወደ መስኮቴ መጣች አልኩ፤ እስከ ዓይኗ ተሸፋፍናለች፣ ዕድሜ ስጠይቃት በሹክሹክታ ነው የምትመልሰው፣ የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነው፣ ጫማዋም ተቀዶ በቢጫ ክር ተሰፍቷል አልኩ። የሄደችበትንም ክፍል ተናገርኩ። ሁሉም ሳቀ። አንዷ ጎረቤታችን ግን አልሳቀችም፤ ቢጫውን ክር ታውቀዋለች። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ልብሱን የሚሰጣት ሰው ጠፋ፤ አንዳንዱማ የሰጣትን ጨርቅ ሳይሰፋ መልሶ ወሰደ። በሁለተኛው ወር የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና ሄደች። የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ያኔ ምን እንዳልኩ ትዝ ይለኛል፤ ስም አልጠራሁም አልኩ። ደጋግሜ ነው ያልኩት፤ ስም መጥራት ብቻ ኃጢአት ይመስል። አንቺ አልጮህሽብኝም። የታጠበ አንሶላ ታጥፊ ነበር፤ አንዱን ጫፍ አስያዝሽኝና ሳታዪኝ ተናገርሽ።

"ስም ባትጠሪም ሴትየዋን አሳየሽን። እኔ ብታመም አንቺ ባለሽበት በር አልገባም።"

አንሶላውን አጣጥፈን ጨረስን። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሆነ፤ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ወደ ሥራ ስመለስ ለጋሼ ቁልፍ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቁልፋቸውን እየነካኩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ በማግስቱ ያንን ደንብ አወጡ። በማን ምክንያት እንደወጣ ለሌሎቹ አልተናገሩም። እኔም ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ እማዬ። የከተማው ወሬ ሁሉ በእጄ እያለፈ ወሬ የለሽ ሰው ሆንኩ። ስደውልልሽ ስለ አየርና ስለ አከራዬ ብቻ የማወራሽ ለዚያ ነው፤ ያኔ "ምነው ቀዘቀዝሽ" ስትዪኝ ወሬ የቀየርኩትም ለዚያ ነው። አፌን መዝጋቴን ታስተውይልኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር። ለካ የተዘጋ አፍ ለሌላ ሰው አይታይም።

አሁን ወደ ታካሚዋ ልምጣ።

ፎቅ ላይ በኮሪደሩ መጨረሻ የሐሙስ ክፍል የምንለው አለ። ታካሚዎቹ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። ምን ምን እንደሚታከምበት ዝርዝሩን አላውቅም፤ ብዙ ዓይነት ነው። የዚያን ቀን ካርዶች በጋሪ ወደ ላይ የምትወስደው ሬዲዮ የምንላት ባልደረባዬ ናት። ሬዲዮ ልቧ ወርቅ ነው፤ ብትታመሚ ቀድማ የምትደርስልሽ እሷ ናት። ብቻ ጠዋት ጆሮዋ የገባ ነገር ለምሳ ዜና ይሆናል። ደንቡን ትጠብቃለች፣ ካርድ አትከፍትም፤ ግን ዓይን አላት፣ ሰውም ታውቃለች። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ነኝ፤ የቆዩ ካርዶች የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ እነሱን ሳስተካክል እውላለሁ። ሐሙስ ቀን ፀሐይ እንደማላይ ለሚያውቀኝ ሁሉ ነግሬያለሁ። ላንቺም ነግሬሻለሁ።

ከሁለት ወር በፊት በአንዱ ሐሙስ ሬዲዮ ጥርሷን ተነቅላ ቀረች። ጋሪውን እኔ ገፋሁ። ኮሪደሩ ላይ ሰው በአግዳሚዎቹ ላይ ተራውን ይጠብቃል፤ ሁሉም እንደሚያደርገው መሬት መሬት እያየ። ጋሪው አንድ ጎማው ይጮኻል። ድምፁን ሰምታ ቀና ያለች አንዲት ሴት ከግድግዳው አጠገብ ተነሳች። ግራጫ ነጠላ ነገር ፊቷ ላይ ሳብ አደረገችና በጎን በር ወጣች። ያየሁት ጀርባዋን ብቻ ነው። ደረጃውን የወረደችው የብረቱን ድጋፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ እግሯን እያስቀደመች ነው። አስጨንቋት ይሆናል፣ አየር ልትወስድ ነው ብዬ አለፍኩ። ካርዶቹን አስረክቤ ስመለስ ነርሷ አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ስትጣራ ሰማሁ። በስም አይጠራም እዚያ፣ በቁጥር ነው። ለሦስተኛው ጥሪም የተነሳ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቀጠሮዋም አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም።

ሦስት ቀጠሮ የቀረ ሰው በስልክ ይፈለጋል። የምትፈልገው የክትትል ነርሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ወልዳ ፈቃድ ላይ ስለሆነች ዝርዝሩ ለእኛ ክፍል ተሰጠ፣ ለእኔ ደረሰ። አደዋወሉም ደንብ አለው። ከየት እንደደወልሽ አትናገሪም። ራሷን ታካሚዋን ነው የምትጠይቂው፤ እሷ ካልሆነች ቆይቼ እደውላለሁ ብለሽ ትዘጊያለሽ። አሥራ አንድ ሰው ነበር። አንዱ ሰውዬ ወንድሙ ነኝ፣ አሁን የለም አለኝና፣ ቆይቼ እደውላለሁ ስለው ቀጠሮዬ መቼ ነበር ብሎ ራሱን አጋለጠ። ሌላዋ ገና ድምፄን ስትሰማ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ስምንቱን እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጨረስኩ።

ዘጠነኛዋ የራሷ ስልክ የላትም፤ የሞላችው የተጠሪ ስልክ ብቻ ነው። ያለ ተጠሪ ስልክ ካርድ አይወጣም፤ የመዘገባት ልጅ አጥብቆ ሲጠይቃት መነጽሯንም ማስታወሻዋንም ሳታወጣ በቃሏ የምታውቀውን አንዱን ቁጥር ሰጥታው ይሆናል። ስሟ የድሮ ስም ነው፤ አሁን ልጁን እንዲህ ብሎ የሚጠራ የለም፤ እኛ ዘመዶች ውስጥ አንዲት አያት ብቻ ነበረች። ዕድሜዋን ቀንሳለች ብዬም እጠረጥራለሁ፤ ስድስት ዓመት ያህል። ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ "ልጅ" ተብሏል።

ቁጥሩን ሳላስተውል አንድ በአንድ መታሁት። በጆሮዬ መጥራት ጀመረ። ወዲያውም እዚያው ክፍላችን ውስጥ፣ ከአምስታችን በአንዳችን መሳቢያ ውስጥ፣ ስልክ መጮህ ጀመረ።

የማን መሳቢያ እንደሆነ አልነግርሽም።

መጀመሪያ አልገባኝም። ዘጋሁት፤ መሳቢያውም ዝም አለ። እንደገና ደወልኩ፤ እንደገና ጮኸ። ሬዲዮ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ስልክ የሚያነሳ ሰው ጠፋ ወይ አለች።  ወረቀቱን ተጭኜ ይዤ ያንን ቁጥር ደጋግሜ አነበብኩት፤ ያን ግራጫ ነገር፣ ያንን ደረጃ፣ ያቺን ጀርባ አሰብኩ። በዚያች ደቂቃ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

ይለፈኝ ማለት ነበረብኝ። የማውቀው ሰው ነው፣ ደንቡ ግልጽ ነው፣ ደንቡንም ያስወጣሁት እኔው ነኝ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ቆመ። ይለፈኝ ካልኩ ሬዲዮ ዝርዝሩን ትቀበለኛለች። ዘጠነኛዋ ሰው የእኔ ሰው እንደሆነች ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ የየትኛው ክፍል ታካሚ እንደሆነች ደግሞ የዝርዝሩ ራስጌ ላይ ተጽፏል። ሬዲዮ ያንን ቁጥር ስትመታ የሚጮኸው መሳቢያ ያው መሳቢያ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ደንቡ ሰውን ይሸፍናል ብዬ ኖሬ፣ ሰውን የሚያሳየው ራሱ ደንቡ የሆነበት ቀን መጣብኝ።

ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለሽ? በስሟ ትይዩ "አልተገኘችም" ብዬ ጻፍኩ። በደህና የእጅ ጽሕፈት፣ አንቺ ባስተማርሽኝ። ከዚያ አሥረኛውን ደወልኩ።

ያን ጊዜ አዳንኳት ብዬ ነበር። ምን እንደሠራሁ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ቀጠሮ ቀርቶ በስልክም ያልተገኘ ሰው ካርዱ ላይ "ያቋረጠ" የሚል ማኅተም ይመታበትና ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ማንም አይፈልገውም ከዚያ በኋላ። ብትመጣም እንደ አዲስ ናት፤ እንደ አዲስ ትመዘገባለች፣ እንደ አዲስ ትመረመራለች፣ ሕክምናውም ከመጀመሪያው ይጀመራል። የሐሙሱ ሐኪም ለነርሶቹ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ከመካከል ተቋርጦ እንደገና የሚጀመር ሕክምና እንደ መጀመሪያው አይሠራም፣ ያመለጠው ጊዜ አይመለስም ይላል። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ በገዛ እጄ የዘጋሁባት።

ምድር ቤቱ ደግሞ የእኔ ነው። ዓርብ ዕለት ማኅተም የሚጠብቁ ካርዶች በሣጥን ሆነው ወረዱልኝ፤ የእሷም በመካከላቸው ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። ስስ ካርድ ነው፣ ገና አራት አምስት ቅጠል ቢኖረው ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልቆሸሸም። ምን እንዳመማት የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። ለመክፈት አንድ ጣት ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ መልሼ አነሳሁት፣ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ከባድ ነገር ይሆን? ቀላል ይሆን? ያማት ይሆን? ሲያማት የት ብላ ትተኛለች? ማነው ውሃ የሚያቀብላት? ይህን ሁሉ አንዲት ገጽ ትመልስልኛለች እያልኩ ከምሳ እስከ መውጫ ሰዓት ቆየሁ።

አልከፈትኩትም እማዬ። ይህን አንድ ነገር እመኚኝ። እንዳውቅ ያልፈለገችውን ነገር ከጀርባዋ ሄጄ ባውቅ ከዚያ በኋላ ዓይኗን ማየት አልችልም። ፍርሃትም ነበረበት፤ እሱንም አልደብቅሽም።

ማኅተሙንም አልመታሁም። ሰኞ ጠዋት ካርዱን በፖስታ አሽጌ ጋሼ ቁልፍ ዘንድ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው አልኳቸው። የተጠሪዋ ስልክ ይሠራል፣ ጮኋል፣ እኔ ነኝ አልተገኘችም ያልኩት። ይህችን ታካሚ አውቃታለሁ፣ ይለፈኝ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። እሷም የቀረችው እኔን ኮሪደሩ ላይ አይታ ነው። ማን ናት ብለው አልጠየቁኝም። ፖስታውንም አገላብጠው አላዩም። ተጠሪዋስ ታውቃለች ወይ አሉኝ። ፖስታውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግኩት። እሳቸውም ፊቴን አዩና ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ።

"እንግዲያው ተጠሪዋ የተጠሪን ሥራ ትሥራ" አሉኝ። "ቀጠሮዋን ትንገራት። ከዚያ በላይ አታውቅም፣ ከዚያ በላይ አትጠይቅም።"

ካርዱን በብረት ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉት። ሐሙስ ሐሙስ እሳቸው ራሳቸው አውጥተው ለሐኪሙ በእጁ ይሰጡታል፤ በጋሪ አይሄድም፣ ሬዲዮም አታየውም። ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩትን ሰርዘው በእጃቸው "ትመጣለች" ብለው ጻፉበት። ሐኪሙንም አነጋገሩት፤ የሚመጣው ሐሙስ ከመጣች ካቆመችበት ትቀጥላለች፣ ከዚያ ካለፈ ግን እንደ አዲስ ነው ብሏል። 

እኔ ደግሞ ከካርድ ክፍል ወጥቻለሁ። ጠይቄ ነው የወጣሁት፤ ማንም አላስወጣኝም፣ እንዳታዝኚ። አሁን የዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ፤ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ግቢው መጨረሻ ላይ ነው። አንሶላ፣ ጓንት፣ ፋሻ፣ የሳሙና ካርቶን እመዘግባለሁ። የምገባው በኋላ በር ነው፣ የምወጣውም በኋላ በር ነው። መስኮቴ የሚያሳየው የውሃ ማጠራቀሚያውን ብቻ ነው። ምሳዬን እዚያው እበላለሁ። በዋናው በር ገብቶ ወደ ሐሙስ ክፍል የሚወጣ ሰው ሙሉ ቀን ቢቀመጥ እኔን አያየኝም፣ እኔም አላየውም። ሬዲዮ ምን አጥፍታ ነው ግምጃ ቤት የጣሏት ብላ ሦስት ዓይነት ታሪክ እንደፈጠረችልኝ ሰምቻለሁ፤ አንዱ እንዲያውም ከእውነቱ የተሻለ ነው።

ያቺን ሴት ባገኛት የምላት ጥቂት ነው። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ቀጠሮዋ። ከፈለገች በጎን በር ትግባ፤ ያም ደረጃ አለው ግን ድጋፉ ጠንካራ ነው። የሰጠችው ስም ስሟ ሆኖ ይቀጥላል፤ ማንም አይለውጥባትም። ምን እንዳመማት አላውቅም፣ እስክትነግረኝ ድረስም አላውቅም፤ ሳትነግረኝ ብትኖርም አልቀየማትም። እኔን ያላመነችው በምክንያት ነው። ምክንያቱም እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊዋን አግኝቼ ይቅርታ መጠየቅ አልቻልኩም፤ ይህችኛዋ ግን በእኔ አፍ ምክንያት ሕክምናዋን ትታ ቤቷ ከተቀመጠች፣ እኔ ከዚያ በኋላ እንዴት ሰው ሆኜ እኖራለሁ? ብቻ ትምጣ። ለእኔ ብላ አይደለም፤ ለራሷ ብላ ትምጣ።

እንግዲህ የታካሚዋ ወሬ ይኸው ነው። ካነበብሽው በኋላ ለማንም አታውሪ፤ አንቺ እንደማታወሪ አውቃለሁ።

ሌላ፣ ትናንት ወንድሜ ደውሎልኝ ነበር። ቢሮው ሆኖ ነው የደወለው፣ ስለዚህ ሁለታችን ብቻ ነን ያወራነው። "እማዬ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ አንቺ ጋ እየመጣች ስትውል ደስ ይለን ነበር፣ አሁን ግን አልሄድም ብላ ቤት ተቀምጣለች፣ ፊቷም ልክ አይደለም፣ ተጣላችሁ እንዴ?" አለኝ። አዎ፣ ትንሽ ተኮራርፈን ነበር አልኩት። ጥፋቱም የእኔ ነበር አልኩት። አሁን ታርቀናል፣ የሚመጣው ሐሙስ እኔ ጋ ናት፣ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ አሳፍራት፣ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች አልኩት። እሺ አለኝ። ደስ ብሎታል። እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። የቤቴ ቁልፍ አከራዬ ጋ አለ፤ አረፍ ማለት ካማረሽ አልጋው ተነጥፏል፣ ካላማረሽም በዚያው ተመለሺ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እማዬ። መንገዱን ያቅልልሽ፣ የሚያክምሽን እጅ ሁሉ ይባርክልሽ።

ልጅሽ